ከሂትሮው እስከ ጋትዊክ፤ የሚቆጠረው ሰዓቱ ነው

ለንግድ ጉዳይ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ቲኬቱን ሲቀበል አስቀድሞ የሚያየው ዋጋውንና የከተማውን ስም ነው። በወረቀቱ ላይ «ለንደን» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሲያገኝ፣ ከአንዱ አይሮፕላን ወርዶ በሌላው መሳፈር ከአንድ በር ወደ ሌላ በር እንደ መሻገር ይመስለዋል። ነገር ግን በለንደን ስም የሚጠሩት አይሮፕላን ማረፊያዎች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ዋናዎቹ ሂትሮውና ጋትዊክ፣ አንዱ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ሌላው በስተደቡብ ተራርቀው ይገኛሉ።

በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአሞራ በረር ቢለካ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለንደንን በሚከበው ኤም 25 በተባለው አውራ ጎዳና ሲኬድ ግን ወደ 65 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መንገዱ ክፍት ሲሆን በአውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ መኪና በበዛበት ጊዜ ግን ሰዓቱን ሾፌሩም አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። በባቡርም ቢሆን ሁለቱን የሚያገናኝ ቀጥተኛ መሥመር ስለሌለ፣ ወደ ለንደን ገብቶ መለወጥ ግድ ነው።

እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ችግር ተረድተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል መንገደኛ የሚያመላልስ ሄሊኮፕተር ሥራ ጀመረ፤ በረራውም 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጅ ነበር። ሆኖም በመሥመሩ ሥር የሚኖሩ ሰዎች በጩኸቱ ስለተማረሩና ኤም 25ም ሊፈጸም ስለተቃረበ፣ አገልግሎቱ በ1986 መጀመሪያ ቆመ፤ ጎዳናውም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ተፈጸመ።

ይህ ነገር ያገራችንን ነጋዴ የሚነካው ስለምንድን ነው ቢባል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀድሞ ከሚበርበት ከሂትሮው በተጨማሪ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ወደ ጋትዊክ መብረር ስለጀመረ፣ የሁለቱን ስም ለይቶ ማወቅ አስፈላጊ ሆኗል። በአንዱ ወርዶ ከሌላው የሚነሣ መንገደኛ የእንግሊዝን ድንበር አልፎ መግባቱ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ከማረፊያው ሳይወጣ እንዲያልፍ ብቻ የተሰጠ ቪዛ አይበቃውም። ፓስፖርት እስኪታይ፣ ሻንጣ እስኪወጣ፣ አውቶቡስ እስኪመጣ፣ በሁለተኛውም ማረፊያ ሻንጣ እስኪመዘን የሚያልፈው ጊዜ ከመንገዱ ራሱ ይበልጣል። ሁለቱ ቲኬቶች ለየብቻ የተገዙ እንደ ሆነም፣ አይሮፕላኑ ቢያመልጥ ኪሳራው በራሱ በመንገደኛው ላይ ይወድቃል። የቡና ናሙና ይዞ በቀጠሮ ወደ ገዢ የሚሄድ ላኪ አንድ ቀን ቢዘገይ፣ በቲኬቱ ያተረፈውን ጥቂት ገንዘብ በውሉ ላይ እጥፍ አድርጎ ሊከፍለው ይችላል።

እንግዲህ ቲኬት ሻጩ «ለንደን» ሲል ነጋዴው «የትኛው ማረፊያ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ዋጋው ጥቂት ቢበልጥም በአንድ ማረፊያ ወርዶ ከዚያው የሚነሣበትን ጉዞ መምረጥ ይሻለዋል። መዛወሩ ግድ ከሆነም በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይተው፤ ምሽት ላይ የሚደርስ ቢሆን አድሮ መነሣት ይበጀዋል። ይህ ጊዜን በከንቱ ማሳለፍ ነው የሚል ቢኖር፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን የአባቶች ተረት ያስታውስ። በንግድ መዝገብ ላይ ኪሎ ሜትር አይጻፍም፤ የጠፋ ቀጠሮ ግን ዋጋው ተጽፎ ይገኛል።