«ተኩሶ አያውቅም» ስለሚባለው ጠመንጃ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በደሴ ከተማ በሆጤ ሰፈር ቡና ተጠርተን ሳለን፣ አንድ ሰው ስለሚሸጥ ጠመንጃ ሲያወጋ «ተሰቅሎ የኖረ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ተኩሶ አያውቅም» ሲል ሰማን። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ጥያቄው ከባድ ሆኖ ስላገኘነው ለአንባቢዎቻችን ልናብራራው ወደድን። ለመሆኑ ብረት ስለ ራሱ ታሪክ ምን ያህል ይመሰክራል?

በመሠረቱ ከቶ ያልተተኮሰበት ጠመንጃ የለም ለማለት ይቻላል፤ ደኅና ፋብሪካ መሣሪያውን ከመሸጡ በፊት ጥይት ተኩሶ ይፈትነዋልና። ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ «ምን ያህል ተተኮሰበት? በማንስ ላይ?» የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን ዐይን ሊመልሰው ይችላል። በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ጠርዙ የተሳለ ከሆነ ብዙ አልሠራም፤ ጥይት ከሚጎርስበት በኩል ተበልቶ ከለሰለሰ ግን የባሩድ እሳት ደጋግሞ አልፎበታል። በክላሽንኮቭ ደግሞ ጋዝ በሚያልፍበት ቀዳዳና በፒስተኑ ላይ የሚጋገረው ጥላሸት በቀላሉ አይለቅም። የውጭው ቀለም መላጥ ግን ብዙ አያስረዳም፤ በትከሻ ላይ ሲንገላታ የተላጠ፣ ግን እምብዛም ያልተኮሰ አለ፤ በአዲስ ቀለም የተሸፈነ አሮጌም አለ። ሻጩ ሲወለውል መለያ ቁጥሩን ጭምር ከፋቀው «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ካለው መሣሪያ መራቅ ይበጃል።

ሁለተኛውን ጥያቄ ዐይን አይመልሰውም። አፈሙዝ ሁሉ በሚያልፍበት እርሳስ ላይ የራሱን ጭረት ስለሚተው ባለሙያዎች በማይክሮስኮፕ ያነጻጽሩታል። በየካቲት 1921 ዓ.ም. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ሰባት ሰዎች ሲገደሉ፣ ካልቪን ጎዳርድ የተባለው ሊቅ በኋላ የተያዙትን መሣሪያዎች በዚህ ዘዴ ለይቷቸዋል። እንግዲህ አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው የማያውቀውን ደም አብሮ ሊገዛ ይችላል።

አሮጌ መሣሪያ በራሱ ነውር የለበትም። ፈረንሳዮች በ1886 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሌበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ሲይዙ ያሰናበቱት ግራ፣ እኛ ውጅግራ የምንለው፣ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ለአገራችን ነጻነት አገልግሏል። ያን ጊዜ ግን ጠመንጃው ለምን ዓላማ እንደ ተያዘ ይታወቅ ነበር። ዛሬ የሚያሳስበን ባለቤቱና መንገዱ የማይታወቀው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሷል፤ ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ የተለመደ ነው።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንና መነገድን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። የጠመንጃ እውነተኛ ምስክር ቁጥሩና መዝገቡ ነው። መዝገቡን ነገ የሚጽፉት ደግሞ ዛሬ በትምህርት ገበታ ላይ ያሉት ተማሪዎችና አዲስ ሥራ የያዙት ወጣት ሹማምንት ናቸው። አንዲት አኃዝ በቸልታ ቢያሳስቱ የአንድ ሟች ቤተ ሰብ ፍርድ ሊያጣ እንደሚችል እንዲያስቡ አደራ እንላለን።