መንገድ ከመጠቆም ማድረስ ይሻላል

አንድ ነጋዴ ሱቁን ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር ሲያዛውር ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይም በአሮጌው ሱቅ መዝጊያ ላይ የአዲሱን ሰፈር ስም ጽፎና ለጥፎ ይሄዳል፤ ወይም ደንበኛውን ተቀብሎ እስከ አዲሱ ሱቅ ደጃፍ የሚያደርስ ሰው ያቆማል። የድረ ገጽ ስሙን የሚለውጥ ድርጅት የሚገጥመው ምርጫም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በአሮጌው ገጽ ላይ ወደ አዲሱ የሚያመለክት ሊንክ ማኖር የመጀመሪያውን ይመስላል። አሮጌውን አድራሻ የጠራውን ሁሉ ሰርቨሩ ራሱ ወደ አዲሱ እንዲያሻግረው ማድረግ ሁለተኛውን ይመስላል፤ ይህም በባለሙያዎች ዘንድ ሪዳይሬክት ይባላል። ዝውውሩ ለዘወትር ሲሆን ሰርቨሩ 301፥ ለጊዜው ብቻ ሲሆን 302 የሚለውን ቁጥር ይመልሳል።

ሊንኩ ይበቃል የሚሉ አሉ። ሥራው ቀላል ነው፥ ደንበኛውም አዲሱን ስም በዓይኑ አይቶ ይለምደዋል ሲሉ ያስረዳሉ። አሳቡ ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም፤ ሁለቱ ስሞች የሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ሆነው የሚቀጥሉ እንደ ሆነ ተገቢው መንገድ ሊንክ ነው። ድርጅቱ አንድ ሆኖ ስሙ ብቻ ሲለወጥ ግን ሊንኩ ጉድለት አለበት። የውጭ አገር ገዢ ከዓመታት በፊት የመዘገበው አድራሻ የቡናው ደረጃ የተዘረዘረበት የውስጥ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ያ ገጽ ከተነሣ፥ በዋናው ገጽ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳያይ «ገጹ አልተገኘም» የሚል መልስ ተቀብሎ ይመለሳል። እንደ ጎግል ያለው የፍለጋ መሣሪያም 301ን ሲያገኝ አዲሱ ገጽ የአሮጌው ወራሽ መሆኑን ይረዳል፤ ሊንክ ብቻ ሲያገኝ ግን ሁለቱን የተለያዩ ገጾች አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

ትዊተር በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ስሙን ኤክስ ብሎ በለወጠ ጊዜ አሮጌውን አድራሻ ወዲያው አልተወም፤ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ድረስ ሥራውን በእርሱ ካካሄደ በኋላ፥ በአሮጌው ስም የሚመጣውን ወደ አዲሱ ያሻግር ጀመር።

ማሻገሩም በሥርዓት መሆን አለበት። እያንዳንዱ አሮጌ ገጽ ወደ አቻው ይሻገር እንጂ ሁሉም በጅምላ ወደ ዋናው ገጽ ቢላክ፥ ደንበኛው የሚፈልገውን ዕቃ ሳያገኝ በር ላይ ይቀራል። ጎግልም ዝውውሩ በተቻለ መጠን ለረጅም ጊዜ፥ በጠቅላላው ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የአሮጌው ስም ባለቤትነት ነው። የድረ ገጽ ስም እንደ ኪራይ ቤት በየጊዜው የሚታደስ እንጂ ለዘለዓለም የሚገዛ አይደለም፤ ሳይታደስ ቀርቶ ጊዜው ያለፈ እንደ ሆነ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ሪዳይሬክት ደግሞ ድረ ገጹን እንጂ ኢሜይሉን አያሻግርም። ስለዚህ ስሙን የወሰደው እንግዳ ሰው በአሮጌው አድራሻ የሚላከውን የገዢና የባንክ ደብዳቤ ለመቀበል፥ በዚያው ስምም «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» ብሎ ለመጻፍ ይችላል። ደብዳቤው የመጣው ከሚታወቀው አድራሻ ስለ ሆነ ገዢው በቀላሉ አይጠረጥርም። ለማደሻ ከሚከፈለው ጥቂት ገንዘብ የተቆጠበው ወጪ የአንድ ጭነት ቡና ዋጋ ሊያሳጣ ይችላል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው፥ አሮጌው ስም በደረሰኝ፥ በውልና በደንበኛ መዝገብ ውስጥ ብዙ ዘመን ይኖራል። እንግዲህ ስሙን የሚለውጥ ነጋዴ የአሮጌውን ክፍያ በየጊዜው ሊያድስ፥ ኢሜይሉን ሊጠብቅ፥ ገጾቹንም አንድ በአንድ ሊያሻግር ይገባዋል። ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ማስታወቂያውን ቢጨምርበት ትርፍ እንጂ ጉዳት የለውም።