«ላፕቶፔ ላይ ይሠራል» አይበቃም

ባለፈው ሳምንት ዓይናለም ቤቴ ቁጭ ብዬ ፈተና ሳርም አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «መምህር፣ ጉድ ሆንኩ! የክሊኒኩ ሲስተም ስህተት ሲፈጠርበት የታካሚ ስምና ስልክ ያወጣል።»

ሊንኩን ከፈትኩት። ያ የምናውቀው ቢጫ የጃንጎ ገጽ! «ዲበግ»ን እንደበራ ነው ሰርቨር ላይ የጫነው። ገጹ ለሠሪው በረከት ነው፤ የትኛው መስመር እንደተበላሸ፣ ቫሪያብሎቹ ምን እንደያዙ፣ ፎርሙ ላይ ምን እንደተሞላ ይነግረዋል። ለአላፊ አግዳሚው ሲታይ ግን የሰው ምስጢር አደባባይ ወጣ ማለት ነው።

አጥፋው አልኩት። ሲያጠፋው «አላውድ ሆስትስ» ካልተሞላ አልነሳም አለ። ሞላነው። ሲነሳ ደግሞ ዲዛይኑ ሁሉ ጠፋ፤ ለካ ለልምምድ በተሠራው «ራንሰርቨር» ነበር ሲያስኬደው የኖረው።

ልጁን ልቆጣው አልቻልኩም። ያስተማርኩት እኔ ነኛ! ፕሮጀክቱን በላፕቶፑ አሳየኝ፣ ሠራ፣ «ኤ» ሰጠሁት። ሰርቨር ላይ ሲወጣ ምን እንደሚቀየር አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ከጥቅምት 2013 በኋላ ኢንተርኔት ለሁለት ዓመት ያህል ሲዘጋብን ከላፕቶፓችን ሌላ ምንም አልነበረንም። ያኔ ምክንያት ነበር፤ ዛሬ ግን ሰበብ ነው።

«ትንሽ ክሊኒክ ነው፣ ማን ያየዋል?» የምትሉ አላችሁ። ክፍት በር የሚፈልጉት ቦቶች እኮ መቀሌን ከኒውዮርክ አይለዩም። ደግሞም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የጤና መረጃን መዝረክረክ በሕግም ያስጠይቃል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ኮዱ አንድ ይሁን፤ የሚለያየው ከውጭ ይምጣ። «ሴክሬት ኪይ»፣ የዳታቤዝ ፓስወርድ፣ «ዲበግ» ከኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይነበቡ። «ዲበግ» ካልተነገረው ጠፍቶ ይነሳ። «ሴክሬት ኪይ» ከጎደለ ጭራሽ አይነሳ፤ ከመጋለጥ አለመነሳት ይሻላል። ሰርቨሩ ላይ ፖስትግሬስ ካለ ላፕቶፓችሁም ላይ እሱው ይሁን። ፓስወርድ የያዘውን ፋይል ጊት ውስጥ አታስገቡ። ከመጫናችሁ በፊት የጃንጎን የራሱን «ቼክ ዲፕሎይ» አስኪዱ፤ አንድ ትእዛዝ ናት፣ ብዙ ጉድ ታሳያለች።

እኔ በበኩሌ ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ በራስ ላፕቶፕ ለሚታይ ፕሮጀክት ሙሉ ማርክ አልሰጥም። ተማሪው ኮዱን ለጓደኛው ይሰጣል። ጓደኛው በሌላ ማሽን፣ በራሱ ፓስወርድ፣ አንድ መስመር ኮድ ሳይነካ ማስነሳት አለበት። ይሄ ኢንተርኔት እንኳ አይፈልግም። አስተማሪዎች ወዳጆቼ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ልጁ በማግስቱ ራሱ ሄዶ ለክሊኒኩ ኃላፊ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ኮራሁበት።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሥራ ላይ ያለ ሲስተም ያላችሁ ዛሬ ማታ ሳትተኙ አንዴ እዩት። የከበዳችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን። የኔም ዕዳ ነው።