አቤት ያለ ሰው አይያዝም

ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ድሮ በእጅ ነበር፣ ኋላ በታይፕ ሆነ፣ ዛሬ ኮምፒዩተር ገብቷል። ከእነሱ ፈንጠር ብላ ሻይ የምታፈላ ሴት አለች። ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። ባለጉዳይ ማየት ደስ ይለኛል ብል ክፉ ሰው አትበሉኝ። ከስናን፣ ከማቻክል፣ ከጎዛምን የመጣው ገበሬ ጋቢውን አደግድጎ፣ የመዝገብ ቁጥሩን የያዘች ብጣሽ ወረቀት በመዳፉ ጨብጦ፣ ለዳኛው የሚናገረውን ለራሱ ሲለማመድ ላየ የሥነ ጽሑፍ መምህር ከዚህ የበለጠ ቤተ መጻሕፍት የለም።

ባለፈው ሰሞን እዚያው አንዲት እናት መጡብኝ። ልጃቸው ተማሪዬ ነበረች። አሁን አሜሪካ ናት፤ ጥገኝነት ጠይቃ ቀጠሮ ስትጠብቅ ቆይታለች።

«መምህር፣ ልጄ ፍርድ ቤት ተጠርታለች። ጓደኞቿ አትሂጂ፣ በር ላይ ይይዙሻል ይሏታል። ጠበቃዋ ደግሞ ከቀረሽ በሌለሽበት ይፈረድብሻል ይላታል። ምን ልበላት? ሂጂ ልበላት፣ ቅሪ?»

ሠላሳ ዓመት ገደማ ጥያቄ ስመልስ የኖርኩ ሰው አፌ ተያዘ። እሳቸው ቀጠሉ፤ «ኧረ ለመሆኑ ፍርድ ቤት የጠራው ሰው በፍርድ ቤት በር ይያዛል?»

ይያዛል፣ እትዬ። እንዴት እንደሚያዝ ልንገራችሁ።

አይስ የሚባለው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት በፍርድ ቤቶች ዙሪያ ሰው መያዝን በጥር 2010 ዓ.ም በመመሪያ አጸናው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም የተተካው መንግሥት መመሪያውን አጠበበው። በጥር 2017 ዓ.ም ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንደተመለሱ በሩ እንደገና ተከፈተ። ከዚያ ዓመት ግንቦት ጀምሮ የመጣው ግን ለብቻው ይነገር። ስደተኛው በቀጠሮው ቀን በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ይቀርባል። የመንግሥቱ ጠበቃ ተነሥቶ «መዝገቡ ይዘጋልን» ይላል። እኛ አገር መዝገብ ተዘጋ ማለት የእልልታ ወሬ ነው፤ ሰው ወጥቶ ዘመድ ይስማል። እዚያ ደግሞ ባለጉዳዩ ከችሎት ሲወጣ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ይቆዩታል። መዝገቡ የተዘጋው ነፃ እንዲወጣ አይደለም፣ ዳኛ ሳያየው በፈጣኑ መንገድ እንዲባረር ነው። ዳኛውም ቢሆን የነፃው የፍርድ አካል ዳኛ እንዳይመስላችሁ፤ የኢሚግሬሽን ዳኞች የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ተቀጣሪዎች ናቸው።

ከቀረስ? ከቀረማ በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ይጻፍበታል። ሄደም ወጥመድ፣ ቀረም ወጥመድ።

ይህን ሳወራ አንድ ወዳጄ፣ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሻዩን አስቀምጦ ተቆጣኝ። «ያለ ፈቃድ ሰው አገር የገባ ቤት ሰብሮ እንደገባ ነው። የትም ይያዝ!» አለኝ። እንዲህ የሚሉ ብዙ አሉ፤ ልጆቻቸው ውጭ ያሉም ጭምር። ወዳጄ ሆይ፣ ቤት የሰበረ ሰው በቀጠሮ ቀን ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሰነዱን በፌስታል ይዞ፣ ዳኛ ፊት ሲቀርብ የት አየህ? የሌባ መደበቂያው ፍርድ ቤት ሆኖ አያውቅም። ፍርድ ቤት በር ላይ የምትይዘው ሕግን አምኖ የመጣውን ነው። ያላመነውማ ቀድሞ ጠፍቷል።

ነገሩ በኢሚግሬሽን ችሎት ቢያበቃ እንኳ አንድ ነገር ነበር። ግን ባልዋ የሚደበድባት አለች፤ የሠራበትን ደሞዝ የተከለከለ አለ፤ ግድያ በዓይኑ ያየ ምስክር አለ። እነዚህ የሚሄዱት ተራው የከተማ ፍርድ ቤት ነው። በሩ ላይ የሚቆም እንዳለ ከሰሙ አይሄዱም። ያን ጊዜ የሚደበድበው ባል ጠበቃ መግዛት አያስፈልገውም። «ሂጂና ክሰሺኝ፤ እዚያ ይጠብቁሻል» ማለት ይበቃዋል። የኒውዮርክ ግዛት ይህን አይታ በ2013 ዓ.ም ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ፣ እዚያ ያለና የሚመለስ ሰው ያለ ዳኛ ማዘዣ በኢሚግሬሽን ጉዳይ እንዳይያዝ ሕግ አወጣች። ሕጉ የሚሠራው በግዛቲቱ ፍርድ ቤቶች ነው፤ የፌዴራሉን የኢሚግሬሽን ችሎት አይሸፍንም። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። የእንግሊዝ የቆየ ሕግ ተከራካሪና ምስክር ሲሄድም ሲመለስም በፍትሐ ብሔር ነገር እንዳይያዝ ይከለክል ነበር።

የያዦቹም ክርክር አለ፤ መስማት ተገቢ ነው። ፍርድ ቤት የገባ ሰው ተፈትሿል፣ መሣሪያ የለውም፣ ስለዚህ እዚያ መያዝ ለፖሊሱም ለሕዝቡም ደኅና ነው ይላሉ። ይህን ለጎጃም ገበሬ ንገሩት! ጠመንጃውን በር ላይ አስረክቦ የገባው እኮ ዳኛውን አምኖ ነው። ባዶ እጁን መሆኑን አይቶ ማነቅ በእኛ ዘንድ ስሙ ሌላ ነው።

አያቶቻችን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ በቁራኛ፣ ዳኛ ያለበት ድረስ አብረው ይጓዙ ነበር። ባላጋራውን ከጎኑ አስሮ ሲሄድ መንገድ ላይ አይነካውም። ዳኛ ካልተገኘም መንገደኛ አስቁመው ያስፈርዱ ነበር። «በሕግ አምላክ!» ከተባለ የተነሣ ዱላ ይወርድ ነበር። ያ ዘመን ፍትሕ የሞላበት ነበር አልልም፤ ባላባቱና ጭሰኛው እኩል አልተሟገቱም። መንገዱን ግን አክብረውታል።

አንድ የመምህር ነገር ጣልቃ ላስገባ። «አቤት» የምትለዋን ቃላችንን ልብ በሉልኝ። ስንጠራ «አቤት» እንላለን፤ ስንበደልም «አቤት» እንላለን። ፍርድ ቤት የተጠራ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይላል፤ ተጠርቶ አቤት፣ ተበድሎ አቤት።

አሁን «የአሜሪካ ጉድ!» ብላችሁ ጋዜጣውን ልታጥፉ ነው። ቆዩ። በ1993 ዓ.ም ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ስትለቅ ምን እንደሆነ ያልሰማ አለ? ሰውየው ወዲያው ከፍርድ ቤት ሲወጣ እንደገና ተያዘ። ፓርላማውም ፈጥኖ በሙስና የተጠረጠረን ሰው ዋስትና የሚያሳጣ ሕግ አወጣ። በ2013 ዓ.ም መግቢያ ላይ አቶ ልደቱ አያሌው በዋስ ይውጡ ተብሎ ፖሊስ አልለቅም አለ። በመስከረም 2017 ዓ.ም በክልላችን በጅምላ ከታሰሩት መካከል ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግም እንደነበሩ አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቧል። ዳኛው ራሱ ሲያዝ ባለጉዳዩ ማንን አምኖ ይምጣ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። ማቅረብ ነው ያለው። በአየር አያቀርብ፤ በእግሩ ሄዶ፣ በበሩ ገብቶ ነው።

ይኸው በር ሲፈራ የሚሆነውን እኛ ከአሜሪካኖቹ በላይ እናውቀዋለን። የጎጃም ሰው ፍርድ ቤት ካልሄደ ሽማግሌ ዘንድ ይሄዳል፤ ሽማግሌ ካልሆነለት ደም መመለሱን ያስባል። ጦርነቱ ከተነሣ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ከገጠር ተነሥቶ ችሎት መድረሱ ራሱ ሌላ ሙግት ነው። እኔ በምቀመጥባት ዱካ አካባቢ የማያቸው ጋቢዎች እንደ ድሮው አይደሉም፤ ሻይ የምታፈላውም «ባለጉዳይ ቀነሰ» ትለኛለች። ጸቡ ቀንሶ ነው የሚለኝ ካለ ይምጣና ሻይ ልጋብዘው።

ለእትዬ የነገርኳቸው ይህን ሁሉ አይደለም። ጠበቃዋ ችሎቱ በቪዲዮ እንዲሆንላት ይጠይቅላት፣ ካልተፈቀደ አብሯት ይግባ፣ ስልክ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ትያዝ አልኳቸው። ቅሪ በሏት ለማለት አልደፈርኩም። ሂጂ በሏት ስል ደግሞ ድምፄ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ እሳቸውም የገባቸው ይመስለኛል።

ልትሄድ ወስናለች። እናቲቱ ትናንት ተመልሰው መጥተው የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነበር። እዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚህ ስንት ነው አሉኝ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው አልኳቸው። ብጣሽ ወረቀት ላይ እንድጽፍላቸው አደረጉ፤ መዳፋቸው ውስጥ አጥፈው ያዙትና ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ሄዱ።