ሜዳ በቁልፍ

ከመርጡለ ማርያም፣ ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ተማሪዎች ሜዳ ምን እንደሆነ ማንም ሳያስተምረን አውቀን ያደግን ነን። በገና ሰሞን መንደሩ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ እሩሯ ትመታለች፤ የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ይገጥማል። መታወቂያ የሚጠይቅ ዘበኛ የለም። በዚያ ዕለት ጌታው ቢሰደብ እንኳ አይቆጣም። ዳር ቆሞ ማየት የሽማግሌና የሕፃን ድርሻ ነው፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ይጫወታል።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ምን አገኘን? ሜዳውስ አለ፤ ቁልፉ ግን ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ለመሮጥ ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው ፊርማ፣ ለፊርማው ደግሞ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ሣሩ እንዳይጎዳ ነው ይሉናል። ኧረ ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማ እንኳ ይረገጣል!

ስታዲየም አይሠራ አላልንም። የእቴጌ እሌኒን ጥርብ ድንጋይ እያየን ያደግን ልጆች ሕንፃ አንጠላም። የጅማ፣ የሐዋሳና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየሞች የፕሪሚየር ሊጉን ጨዋታዎች አስተናግደዋል፤ እሰየው። ካፍ በ2014 ዓ.ም. የባሕር ዳርን ስታዲየም ካገደ በኋላ ደግሞ ዋልያዎቹ ግብፅን «በሜዳቸው» የገጠሙት ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. 2 ለ 0 ሲያሸንፉ እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ጮቤ ረገጥን። ቆይቶ ነው የከነከነን፦ ለካ የራሳችን ሜዳ አልነበረም! ስለዚህ ደረጃውን የጠበቀ ስታዲየም ያስፈልጋል ቢሉን እንስማማለን። የማንስማማው መጀመሪያ ለእንግዳ፣ ቀጥሎ ለካሜራ፣ ከተረፈ ለተማሪ በሚለው ተራ ነው።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ? እናንተ ምን ያቀብጣችኋል?» የሚሉን አሉ። አዎ፣ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ጫማ አላደረገም። ግን የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበረው፤ ልምምዱ በሥርዓት ነበር። ጫማውን ተወ እንጂ የሚሮጥበትን ቦታ ማን ከለከለው? በቆጂስ ብትሆን ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው በክብር ትሪቡን ነው እንዴ? ልጆቿ ወጥተው የሚሮጡበት መሬት ነበራቸው።

«የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለ ኳስ ምን አገባችሁ?» ለሚሉንም መልስ አለን። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች የኮሌጅ ቀንን ሲያከብሩ ስፖርቱና ግጥሙ የአንድ በዓል ነበሩ። ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን ያሰማው በዚያ በዓል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ነው። ተማሪ እንደ ልቡ የሚሰበሰብበት ቦታ ዝም ብሎ አይቀርም። ቁልፉ የሚጠብቀው ሣሩን ብቻ ነው ወይ? እንጃ።

እህቶቻችንንስ አስበናል? በሩ የሚከፈተው ክፍል አልቆ፣ ቀኑ መሽቶ ነው። መብራት የለም። ወንዱ በጨለማ ይራገጣል፤ ሴቷ ግን ዶርም ትገባለች። ከዚያ «ሴቶች ስፖርት አይወዱም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል! ሪፖርቱን የጻፈው ሰው አንድ ምሽት በዚያ ጨለማ አልፎ ይሞክረው።

የምንጠይቀው ይኸ ነው። መሮጫው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያለ ደብዳቤ ይከፈት። ውስጠኛው መም ለሚሠለጥኑት ይሁን፤ የውጪዎቹ ሁለት መሞች ለእኛ ይበቁናል። ከዶርሞቹ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ይደልደልና ሁለት ጎል ይተከልበት፤ አፈር ቢሆንም ግድ የለም። መንገዱ ላይ መብራት ይሰቀል።

ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት በሩ ላይ እንገናኝ። ጫማ ያለው በጫማው፣ የሌለውም እንዳለ ይምጣ።