የለውጥ ጊዜ ትርምስ ባለቤቱ ማን ነው?

ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዋቅራዊ ለውጥ ካነበብኳቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ፣ በለውጥ ወቅት ለሚፈጠረው ትርምስ ምክንያት ሲፈልጉ «የሠራተኛው ተቃውሞ» ላይ ያርፋሉ። በእኔ እምነት ግን ትርምሱ የሚወለደው አሮጌው መዋቅር ባቆመበትና አዲሱ ባልጀመረበት ክፍተት ውስጥ ነው፤ ክፍተቱም ባለቤት የለውም።

አዲስ አበባ እስከ 1995 ዓ.ም. በ28 ወረዳዎችና በ305 ቀበሌዎች ትተዳደር ነበር። ከዚያ 10 ክፍለ ከተሞችና 203 ቀበሌዎች ተተኩ፤ ቀበሌዎቹ ቆይተው ወደ 99 ተሰበሰቡ፤ ቀጥሎም የቀበሌ እርከን ቀርቶ 116 ወረዳዎች ተዋቀሩ። በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዓለም ባንክ ሠፈር ያለ ነባር ነዋሪ ከቤቱ ሳይነቃነቅ የመታወቂያው ማኅተምና ጉዳዩን የሚያስፈጽምበት ጽሕፈት ቤት በየጊዜው ይለዋወጡበታል።

በቢሮው ውስጥ ደግሞ ሌላ ለውጥ ነበር። ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ እ.ኤ.አ. በ1993 በመጽሐፍ ያስተዋወቁት መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ (እኛ ዘንድ በአጭሩ ቢፒአር) ነባሩን አሠራር ከመጠገን ይልቅ ከሥሩ አፍርሶ መጀመርን ይመክራል። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ግን አብሮ የሚፈርሰው የተቋሙ ትዝታ ነው። ማኅደሩ በየትኛው ቁጥር እንደተዛወረ የምታውቀው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በድልድሉ ሌላ ቦታ ትመደባለች፤ ማኅደሩ ከመደርደሪያው ሳይጠፋ «የለም» ይባላል። ምደባውን የሚጠብቅ ባለሙያም ነገ የእሱ ባልሆነ መደብ ላይ ዛሬ ቢፈርም ተጠያቂነቱ እንደሚከተለው ያውቃል። ስለዚህ ባለጉዳዩን «ድልድሉ ይለይለት» ብሎ ይመልሰዋል። ይህ ተቃውሞ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1947 ለውጥን ማቅለጥ፣ መለወጥና መልሶ ማርጋት ብሎ ከፍሎት ነበር። እኛ ጋ ሦስተኛው ደረጃ ሳይደርስ አዲስ ማቅለጥ ይመጣል፤ ከቢፒአር በኋላ ቢኤስሲ፣ ከዚያ የለውጥ ሠራዊት። ሠራተኛው አዲስ ስያሜ በመጣ ቁጥር አንገቱን ደፍቶ ማሳለፍን ከልምድ ተምሯል።

የመዋቅር ጥናት ሲጸድቅ የሽግግሩ ወቅት ራሱ መዋቅር ሊኖረው ይገባል እላለሁ። መዝገብ ርክክብ ከድልድሉ ማስታወቂያ ይቅደም፤ በመሀሉ ማን እንደሚፈርም በደብዳቤ ይታወቅ። አመራሮች ይህ ለውጡን ያዘገያል ይላሉ፤ እውነትም ያዘገያል። ነገር ግን የፍጥነቱን ዋጋ ዛሬ የሚከፍለው ወረፋ ላይ የቆመው ሰው ነው፤ ይህም ዋጋ በማንኛውም የአፈጻጸም ሪፖርት ውስጥ አይታይም።

ተመራማሪውም የሠራተኛውን አመለካከት በመጠይቅ ከመለካት በፊት፣ በአሮጌው መዋቅር የመጨረሻው ፊርማ ከተቀመጠበት ቀን አንሥቶ በአዲሱ የመጀመሪያው እስከተፈረመበት ያለውን ቀን ይቁጠር። ሁለቱም ቀኖች ማኅደሩ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ።