ከስማርት ማብሪያው በፊት ሽቦው

በኦክላንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ የእንጨት ቤቶች ዛሬም ብዙ ናቸው። በሳን ሆዜ ዊሎው ግሌን አካባቢ ደግሞ ጆሴፍ አይክለር ከጦርነቱ በኋላ ያሠራቸው ባለ ጠፍጣፋ ጣሪያ ቤቶች አሉ። በእነዚህ ቤቶች የሚኖር ሰው መብራቱን በስልክ የሚያዝበት ሪሌይ ሲገዛ የሚያወዳድረው ዋጋውን፣ መተግበሪያውንና የገዢዎችን አስተያየት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን በግድግዳው ውስጥ ምን ዓይነት ሽቦ እንዳለ ነው። ዕቃው ርካሽ የሚመስለው የዚህ ጥያቄ መልስ በዋጋው ላይ ስለማይታይ ነው።

ሪሌዩ መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን ትእዛዝ ለመጠባበቅ ጥቂት ኃይል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ አብዛኛው ዓይነት ከፌዙ ሌላ ኒውትራል ይጠይቃል። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ በማብሪያ ሳጥን ውስጥ ኒውትራል እንዲኖር በጥቅሉ ያዘዘው ገና በ2011 እትሙ ነው። በአሮጌ ቤቶች ሳጥኑ ፌዝና ወደ መብራቱ የሚሄደውን ሽቦ ብቻ መያዙ የተለመደ ነው፤ በብዙዎቹም ግራውንድ ጨርሶ የለም።

አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኒውትራል ያጣ ሰው፣ ሳጥኑ ግራውንድ ካለው፣ እርሱን በምትኩ ያያይዛል። መብራቱ ይበራል፣ ስልኩም ያዛል፤ ሥራው የተሳካ ይመስላል። ግራውንድ ግን በደኅና ጊዜ ጅረት የማይሸከም፣ ብልሽት ሲደርስ ጅረቱን ወደ ዋናው ፓነል መልሶ ብሬከሩን የሚያስወርድ መንገድ ነው። የዘወትር ጅረት ተጭኖበት አንድ ቦታ ላይ ቢቋረጥ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

የብረት ዘንግ አፈር ውስጥ ተክሎ ሳጥኑን ከእርሱ ጋር ማገናኘትም መፍትሔ አይሆንም። የዘንጉና የአፈሩ ተቃውሞ 25 ኦም ቢሆን፣ 120 ቮልት የሚያሳልፈው 4.8 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 15 አምፔር ብሬከር ይህን እንደ ተራ ጭነት ስለሚቆጥረው አይወርድም።

«ኤሌክትሪክ ይቆጥባል» የሚለው መከራከሪያም በቁጥር መፈተን አለበት። ዘወትር 1 ዋት የሚበላ ሪሌይ በዓመት 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል የሚያዝ ከሆነ፣ ይህን ለማካካስ ብቻ አምፖሉ በየቀኑ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ መጥፋት አለበት። ቁጠባው ትርጉም የሚኖረው ከባድ ጭነት ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሪሌዩ አቅም ወሳኝ ነው። ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው እጅግ የሚበልጥ ጅረት ስለሚስብ፣ ለማሞቂያ የተጻፈ የአምፔር ልክ ለሞተር ዋስትና አይሆንም።

ሽቦ መለወጥ ውድ ነው የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። የአይክለር ቤቶች ሽቦ የሚሳብበት የጣሪያ ሥር ክፍት ቦታ የላቸውም፤ ወለላቸውም ኮንክሪት ነው። ተከራይ ሲሆን ችግሩ ይጠናል፤ ዕቃውን የሚገዛው አንዱ፣ የሽቦው ባለቤት ሌላው ነውና ሁለቱም ወጪውን ይሸሹታል። ሆኖም አማራጭ አለ። ያለ ኒውትራል እንዲሠራ የተነደፈ ማብሪያ፣ ወይም ሽቦ የማይነካ ስማርት አምፖል መምረጥ ይቻላል። ደንቡም ግራውንድ በሌለበት ሳጥን ማብሪያ ሲተካ፣ ብረት ያልሆነ ሽፋን ወይም ጂ ኤፍ ሲ አይ መከላከያ ተጠቅሞ መተካትን ይፈቅዳል። ጂ ኤፍ ሲ አይ ሰውን ከድንጋጤ ይጠብቃል፤ የሌለውን ግራውንድ ግን አይፈጥርም።

ስለዚህ ሻጮች «ኒውትራልና ግራውንድ ይፈልጋል» የሚለውን በማሸጊያው ፊት ከዋጋው እኩል አጉልተው ሊጽፉት ይገባል። ገዢውም የመጀመሪያውን ገንዘብ ሳጥኑን ከፍቶ ለሚመረምር ፈቃድ ያለው ባለሙያ ቢከፍል፣ የትኛውን ሪሌይ እንደሚገዛ፣ ወይም ጨርሶ መግዛት እንደሌለበት፣ ከዚያ በኋላ በቀላሉ ይወስናል።